የሚደማ ጭረት፦ ጎንደር ውስጥ አንድ ጎማ ስለተነፈሰበት ጠዋት

ጎንደር ለብስክሌት የተመቸች ከተማ አይደለችም። ባሕር ዳር ሜዳ ላይ ተዘርግታ ልጅ ዐዋቂው ፔዳል ይመታባታል፤ የእኛዋ ግን በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ባለ ጉብታ ላይ ተቀምጣለች። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ይህን ቦታ ለመናገሻነት ሲመርጡ ብዙ ነገር አስበው ይሆናል፤ ስለ ብስክሌት ፍሬን እንዳላሰቡ ግን እርግጠኛ ነኝ። እዚህ ከቤቱ የወጣ ሰው ወይ ይወርዳል ወይ ይወጣል። ደልዳላ መንገድ ያገኘ እንደሆነ፣ ከዳገት በፊት ትንፋሽ መሰብሰቢያ ናት ብሎ ይጠቀምባት።

እኔ ስድስት ዓመት በብስክሌት ወደ ሥራ ተመላልሻለሁ። ቤቴ ከፒያሳ በላይ፣ ወደ ጎሃ ሆቴል በሚያወጣው ዳገት ሥር ነው። ሥራዬ አዘዞ ነው፤ በአንድ ድርጅት የንብረት ክፍል ዕቃ እረከባለሁ፣ ዕቃ አስረክባለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 የሚባሉትን የመረከቢያና የማስረከቢያ ቅጾች ስፈርም እውላለሁ። ከፒያሳ አዘዞ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጠዋት አብዛኛው ቁልቁለት ስለሆነ ሚኒባስ ተራ ከሚጠብቅ ጎረቤቴ ቀድሜ እደርሳለሁ። ማታ ነገሩ ይገለበጣል። ጉልበቴ የፈቀደ ቀን እየጋለብኩም እየገፋሁም እወጣዋለሁ፤ ያልፈቀደ ቀን ብስክሌቱ በሚኒባስ ፖርቶ መጋላ ላይ ታስሮ፣ እኔ ከሥሩ ተቀምጬ፣ ረዳቱ «ለሁለት ሰው ነው የምትከፍለው» እያለኝ እንመለሳለን።

ይህን ጉዳይ ለመጻፍ ያነሣሣኝ፣ ታሪኩን የሰማ ሁሉ «ጎማህን የወጋው ምስማር አዳነህ» ማለቱ ነው። አባባሉ ያምራል። ግን ነገሩን ከመጨረሻው ጀምሮ ወደ ኋላ ስቆጥረው ሌላ ነገር አገኘሁ፦ በዚያ ዓመት ሁለት ጊዜ አደጋ ደርሶብኛል፤ «ዕድለኛ ነህ» የተባልኩበት የመጀመሪያው ሊገድለኝ ተቃርቦ ነበር፣ «የማትረባ ቀን» ብዬ የረገምኩት ሁለተኛው ደግሞ አተረፈኝ።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

ሌሊቱን ሲያዘንብ አድሮ ጠዋት ካፊያ ነበር። ከቤት የወጣሁት 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው፤ 2 ሰዓት ሥራ እገባለሁ። ከሰፈሬ ጌጠኛ ድንጋይ ወጥቼ አስፋልት እንደያዝኩ የፊቱ ጎማ ለሰስ ሲል ተሰማኝ። ትንሽ እንደሄድኩ ቸርኬው መሬት መንካት ጀመረ። ወርጄ ሳየው ጎማው ሙሉ በሙሉ ተንፍሷል።

እንደ ዕድል ሆኖ (ይህን ቃል ከዚህ በኋላ በጥንቃቄ ነው የምጠቀመው) ወደ ፒያሳ መግቢያ ያለው ደንበኛዬ ጎሚስታ ሱቁን ከፍቷል። ሱቅ ልበለው እንጂ በላስቲክ የተሸፈነች ቆርቆሮ ናት፤ ፊት ለፊቷ ጎማ የሚፈተሽበት የውኃ ሳፋ፣ አንድ ፖምፓ፣ የተቆረጠ በርሜል። ረዳቱ የአሥራ አራት ወይም የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነው። ገና መለጠፍ አልተፈቀደለትም፤ የሱ ሥራ ጭቃ መጥረግ ነው። ክረምት ላይ ጭቃ ካልተጠረገ መፍቻ አይገባምና ሥራው ቀላል አይደለም።

ልጁ ብስክሌቱን ገልብጦ በኮርቻውና በመሪው አቆመው፣ የፊት ጎማውን ፈቶ ወደ ጎን አስቀመጠ፣ ጎማውን በሁለት እግሩ የሚይዘውን ሹካ በእርጥብ ጨርቅ ከዚያም በደረቅ ጨርቅ ጠረገ። እኔ ሰዓቴን አያለሁ። ጎሚስታው ሻዩን ይጠጣል። ልጁ ጠርጎ ሲጨርስ የሹካውን ሁለት እግሮች ይዞ ብስክሌቱን ወደ ዳር ሊስብ ሲሞክር ቆም አለ። ዳግመኛ ጠረገ። ዳግመኛ ሳበ። ከዚያ፣

«ጋሼ፣ ይህ ጭረት ይደማል» አለኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። የሹካው የግራ እግር ከአናቱ ጋር ከሚጋጠምበት ቦታ ጥቂት ወረድ ብሎ፣ የፍሬኑ ክንድ ከሚሸፍነው ሥር፣ ቀለሙ ላይ ፀጉር የመሰለ መስመር አለ። ልጁ እግሩን ሲስበው ከመስመሩ ውስጥ ቡናማ ውኃ ጠብ ይላል። ሲለቀው መስመሩ ይጠፋል። ሲስበው እንደገና ጠብ። እውነትም የደማ ይመስል ነበር።

ጎሚስታው ሻዩን አስቀምጦ መጣ። በምስማር ጫፍ ቀለሙን ፋቀ፤ መስመሩ ከቀለሙ በታችም ነበረ። ዙሪያውን እየፋቀ ተከተለው፤ ከግማሽ በላይ ዞሮ ከኋላ በኩል ቆመ።

«ወንድሜ፣ እባክህ ጎማውን ብቻ ለጥፍልኝ፤ ማታ ስመለስ ይታያል» አልኩት። ይህን ማለቴን ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ግን 1 ሰዓት ከአርባ ሆኗል።

«ጎማውን እለጥፍልሃለሁ። ብስክሌቱን ግን አልሰጥህም።»

«ንብረቱ የእኔ አይደለም እንዴ?»

«የአንተ ነው። ዛሬ በታክሲ ሂድና ነገ ክሰሰኝ።»

ተቆጥቼ ሄድኩ። ሚኒባስ እስኪሞላ፣ ዝናቡም ሲበረታ፣ አዘዞ የደረስኩት 3 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው።

ግንቦት 14

አሁን ሰባ ቀን ወደ ኋላ እንመለስ። የጉዳዩ ሥር ያለው እዚህ ነው።

ግንቦት 14 ቀን ማታ፣ በማራኪ በኩል ስመለስ፣ አንዱ ባጃጅ ተሳፋሪ ለማውረድ ድንገት ቆመብኝ። እሱን ስሸሽ የፊቱ ጎማዬ ክዳን የሌለው የጎርፍ ማስወገጃ ቦይ ጠርዝ ላይ ፊት ለፊት ገባ። በመሪው ላይ ተሻግሬ በእጆቼ መሬት ያዝኩ። መዳፌ ተላጠ፣ ሱሪዬ ጉልበቱ ላይ ተቀደደ። ሌላ ምንም። ቸርኬው ተጣምሞ እንደ እንጀራ ጠርዝ ተወላግዷል።

የከበበኝ ሰው ሁሉ «ተመስገን በል! እግዚአብሔር አወጣህ!» አለኝ። እኔም አልኩ። ቤት ስደርስ እናቴ እልል ልትል ምንም አልቀራትም። በማግሥቱ ብስክሌቱን ለዚሁ ጎሚስታ ወሰድኩለት። ያልኩት ቃል በቃል «ቸርኬውን አቅናልኝ፣ ለነገ ጠዋት እፈልገዋለሁ» ነው። እሱም ቸርኬውን አቀናው። ሹካውን እኔም አላየሁትም፣ እሱም አላየውም። ስለ ጉልበቴ ግን ስንት ሰው ጠየቀኝ!

በዚህ ላይ ትንሽ መቆም እፈልጋለሁ። ምስጋና መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ እናቴ ብታነበው ከቤት ታባርረኛለች። ነገር ግን «ከዚህ የባሰ አታምጣ» ብለን አፋችንን ስንዘጋ ዐይናችንንም አብረን እንዘጋለን። የወደቀው ሰው ተነሥቶ ከሄደ አደጋው አለቀ ይባላል። እኔን የተሸከመኝ ብረትም አብሮኝ መውደቁን፣ ጉዳቱንም የተቀበለው በአብዛኛው እሱ መሆኑን ማንም አላሰበም። ዕቃ ሳልቆጥርና ሳላገላብጥ ሞዴል 19 ፈርሜ የማላውቅ ሰው፣ ሕይወቴን የተሸከመውን ዕቃ ሳላይ ተረከብኩ።

ምልክት አልጠፋም ነበር። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ፍሬን ስይዝ ከፊት በኩል «ቅጭ» የሚል ድምፅ ጀመረ። የመሪውን አንገት ዘይት አጠጣሁት፤ ለሁለት ቀን ዝም አለ፣ ከዚያ ተመለሰ። ቀጥሎ ፍሬን ስይዝ መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ይህንን «ቸርኬው በደንብ ስላልቀና ነው» ብዬ ለጎሚስታው ሰጠሁት። በመጨረሻ፣ ሐምሌ ላይ፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስይዝ ብስክሌቱ ወደ አንድ ወገን ይስበኝ ነበር፤ ይህንን ደግሞ ለነፋስ ሰጠሁት። ለሦስቱም ምልክቶች ሦስት የተለያየ ሰበብ ነበረኝ፤ ሦስቱም ሰበቦች ለየብቻቸው አሳማኝ ነበሩ። ሦስቱም የሚታዩት ፍሬን ስይዝ ብቻ መሆኑን አንድ ላይ አስቀምጬ አልጠየቅሁም።

በሞርሳ ላይ

ሐሙስ ማታ ከሥራ ስመለስ ቁጣዬ ቀዝቅዞ ነበር። ጎሚስታው ሹካውን አውልቆ ይጠብቀኛል። ጎረቤቱ ብየዳ ቤት ስላለ ሦስታችን ወደዚያ ሄድን፤ እሱ፣ ልጁ፣ እኔ። «ይበየድ?» ብዬ ጠይቄ ነበር፤ ሁለቱም ባለሙያዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጭን ቱቦ በብየዳ ሲነድ ከብየዳው አጠገብ ያለው ብረት ይደክማል፣ ነገ ከጎኑ ይሰነጠቃል አሉኝ።

በያጁ የሹካውን አናት ሞርሳ ላይ አሰረ። የግራውን እግር በሁለት እጁ ይዞ፣ ፍሬን እንደሚገፋው አድርጎ ወደ ኋላ ገፋው። ሰውየው ግዙፍ አይደለም፤ ብዙም አልታገለም። አንዴ፣ ሁለቴ፣ በሦስተኛው «ቀጭ» ብሎ እጁ ላይ ቀረ።

የተሰበረውን ጫፍ ወደ አምፖል ጠጋ አድርገን አየነው። የቱቦው ዙሪያ ሁለት ዓይነት መልክ አለው። ከፊት ጀምሮ ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው የቆየ ሻይ የመሰለ ቡናማ ነው፤ ላዩ ላይ ደግሞ ጣና ሲጎድል በዳርቻው ደለል ላይ እንደሚተዋቸው መስመሮች ያሉ ቀጫጭን ቅስቶች ተደርድረዋል። የቀረው አንድ ሦስተኛ ግን አዲስ የተሰበረ ስኳር ይመስል ግራጫ ሆኖ ያብለጨልጫል። በያጁ በጥፍሩ እያሳየኝ፣ «ይህ ቡናማው ከተሰበረ ሰንብቷል፣ ውኃ ሲጠጣ ኖሯል። የሚያብረቀርቀው አሁን እኔ የሰበርኩት ነው» አለ። ያ የሚያብረቀርቀው ነው ተሸክሞኝ የኖረው።

ነገሩ የሚሠራበትን መንገድ ሽቦ የቆረጠ ሁሉ ያውቀዋል። ጉጠት ያጣ ሰው ሽቦን በአንዴ ጎትቶ አይበጥሰውም፤ ወዲያና ወዲህ እያጠፈ ያደክመዋል። በቦዩ ጠርዝ ላይ የተመታው ሹካ በፊቱ በኩል ጥቂት ተሰነጠቀ። ከዚያ በኋላ የፊት ፍሬን በያዝኩ ቁጥር መሬቱ ጎማውን ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ የሹካው ፊት ይለጠጣል፣ ስንጥቁ ይከፈታል፤ ስለቀው ይዘጋል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ክብደቴ ሁሉ ወደ ፊት ስለሚያዘነብል ዋናውን ሥራ የሚሠራው የፊቱ ፍሬን ነው። ክረምት ሲገባ ባሰ፤ እርጥብ ቸርኬ ላይ የፍሬኑ ጎማ መጀመሪያ ውኃውን መጥረግ አለበትና ጠበቅ አድርጌ እይዝ ነበር። የተከፈተው ስንጥቅ ውኃውን ይመጠዋል፣ ውኃው ያዝገዋል።

ኋላ፣ ከጉጉት የተነሣ፣ ከቤቴ እስከ አዘዞ ስንት ጊዜ ፍሬን ጠበቅ አድርጌ እንደምይዝ ቆጠርኩ፤ 34 ሆነ። ከግንቦት 14 እስከ ሐምሌ 24 አሥር ሳምንት ነው፤ በሳምንት ስድስት ቀን ሲታሰብ 60 ጊዜ ያህል ወርጃለሁ። 60 በ34 ሲባዛ 2,040። ከሁለት ሺህ ጊዜ በላይ ያቺን ሽቦ አጥፌያታለሁ ማለት ነው።

ሹካው ቁልቁለት ላይ ቢሰበርስ? ይህንንም አሰላሁት፤ ባላሰላው ይሻለኝ ነበር። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ያለው ጉልበት ከ6 ሜትር ከፍታ ከወደቀ ሰው ጋር እኩል ነው፤ ከአንድ ፎቅ ቤት ጣሪያ እንደ መውደቅ ማለት ነው። ዳሽን ቢራ ፋብሪካ ወዳለበት ስወርድ ከዚህ ባልበልጥም አላንስም። ያን ጊዜ ጭንቅላቴ ላይ የነበረው የሱፍ ቆብ ነው፤ የራስ መከላከያው ቤት በር ላይ ተሰቅሎ አቧራ ይጠጣል። ያን ማታ አውርጄ አጠብኩት።

ዕድሉ የቱ ጋ ነው?

መሥሪያ ቤት ይህን ስነግራቸው አንዱ ባልደረባዬ «ሁሉም ለበጎ ነው» አለ፤ ሌላዋ ያመለጣት አውቶቡስ ተገልብጦ መትረፏን አስታወሰች፤ የጥበቃው አባት «ምስማሩን የጣለው መልአክ ነው» አሉኝ። የእሳቸውን አልቃወምም። እኔ ግን ንብረት ቆጣሪ ነኝና ቆጠርኩ።

ከዚያ ቀን በፊት በስድስት ዓመት ውስጥ ጎማዬ ቢያንስ ሃያ ጊዜ ተንፍሷል። በሰኔም አንዴ ተንፍሶ ነበር፤ ስንጥቁ ያን ጊዜም ነበረ። ያን ቀን ግን የተለጠፈልኝ አዘዞ ላይ ነው፤ ለጣፊው ጎማውን ከቸርኬው ሳያወርድ ጎኑን ብቻ ገልጦ፣ ቀዳዳውን አግኝቶ፣ በአሥር ደቂቃ ሸኘኝ። ፈጣን በመሆኑ አመስግኜው ነበር። ስለዚህ ምስማር ብቻውን ማንንም አያድንም። ሐምሌ 24ን ልዩ ያደረገው ጭቃ ነው፤ ጭቃ በመኖሩ የሚጠርግ ልጅ አስፈለገ፣ ልጁም ገና ለጥፎ ለመገላገል የሚቸኩልበት ደረጃ ላይ ስላልደረሰ የጠረገውን ነገር አየ። ሁለት ጊዜ ጠረገ። ሁለተኛው ጠረጋ ነው ዕድሌ።

ጎሚስታው የራሱን ድርሻ አልደበቀም። «ግንቦት ላይ ጎማውን ፈትቼ ሹካው እጄ ላይ ነበር። ቸርኬ አቅና ስላልከኝ ቸርኬ አየሁ» አለኝ። «እኔም እንደዚያ ብቻ ነው ያልኩህ» አልኩት። በዚህ ተግባባን። ጥፋቱን እኩል ተካፈልን ማለት ይቻላል፤ ጥቅሙ ግን ሁሉም የእኔ ነው።

አንድ ሰው ግን በታሪኩ አልተደነቀም። የቅርብ አለቃዬ ለአንድ ሰዓት መዘግየት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፎልኝ ነበር። አርብ ጠዋት የተሰበረውን ሹካ በጋዜጣ ጠቅልዬ ቢሮው ገባሁ፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት፣ ቡናማውንና የሚያብረቀርቀውን አሳየሁት። በጥሞና ሰማኝ። ብረቱን አንሥቶ አየው፣ እጁን በመሀረብ ጠረገ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለኝ ከልቡ። ከዚያ «ግን ይህ ከፋይል ጋር አይያያዝም» ብሎ መለሰልኝ። ደብዳቤው እስከ ዛሬ ማኅደሬ ውስጥ አለ።

ቅዳሜ

ቅዳሜ ከሰዓት ቅዳሜ ገበያ ሄጄ የተገለገለበት ሹካ ገዛሁ። ሻጩ ትዕግሥቱ እስኪያልቅ ድረስ አገላበጥኩት፤ ምራቅ እያስነካሁ በመሀረብ ጠረግሁ፣ መጋጠሚያውን በቁልፍ ጫፍ ፋቅሁ፣ ሁለቱን እግሮች ወዲያና ወዲህ ሳብኩ። «ሙሽራ ነው እንዴ የምትመርጠው?» አለኝ። አራተኛውን ወሰድኩ።

ጎሚስታው ብስክሌቱን ገልብጦ ገጠመው። የአንገቱን ኩሽኔታ በአዲስ ግራሶ ሞላ፣ ፍሬኑን አስተካከለ፣ ቸርኬውን አሽከርክሮ በዐይኑ ለካ፣ እያንዳንዱን ብሎን ልጁ እንዲነካ አደረገ። ሥራው አንድ ሰዓት ፈጀ። ለእጁ ዋጋ ገንዘብ አልቀበልም ስላለኝ ለልጁ ሰጠሁት፤ ልጁ ጎሚስታውን በዐይኑ ጠየቀ፣ ሰውየው ፊቱን አዞረ፣ ልጁ ተቀበለ። የተሰበረውን ሹካ ከቆርቆሮው በር በላይ በሽቦ ሰቀሉት።

ብስክሌቱን አቃንተው ሰጡኝ። የራስ መከላከያዬን አጥልቄ፣ ሦስታችንም እጅግ የተጠነቀቅን ሰዎች ሆነን፣ ተሰነባበትን። እግሬን ፔዳል ላይ አድርጌ አንዴ ስመታ ቸርኬው አስፋልቱን ሲያንኳኳ ተሰማኝ።

ጎማው እንደተነፈሰ ነበር። በሦስት ቀን ውስጥ ማንም አልለጠፈውም፤ ልጁ እየሳቀ ሳፋውን ሊያመጣ ሲሮጥ ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ምስማሩም ከነቦታው ነው።